በጉም ውስጥ የተነገረኝ መርዶ

ሰው ከኋላዬ ሆኖ ቢጠራኝ አልዞርም። ኩራት አይደለም፤ አልሰማም። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምነግራችሁ፣ ታሪኬን አንብባችሁ ስትጨርሱ "ምስኪን፣ ለካ ጆሮ የላትም" እንዳትሉኝ ነው። አሁኑኑ ምስኪን ብላችሁ ጨርሱና ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ስሜ ደብሬ ነው። በልጅነቴ ማጅራት ገትር ታምሜ ስድን ጆሮዬ አብሮኝ አልዳነም። ያደግሁት ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን በእግር ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነው። ከፍ ስል ጎንደር መጥቼ መስማት ለተሳናቸው በተከፈተ ክፍል ተማርሁ። ፊደሉንም፣ የምልክት ቋንቋውንም፣ እልሁንም የያዝሁት እዚያ ነው። ይህ ነገር ሲገጥመኝ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት የሀበሻ ቀሚስ እሰፋ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነኝ። የምኖረው ብቻዬን፣ በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው። ሲያገኙኝ ፈገግ ይላሉ፣ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ በቃ። ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር በፈገግታ ብቻ መኖር ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ማታ በሬን ስዘጋ ጉንጬን ያመኝ ነበር።

ሰው የምለው ሰው ራሄል ብቻ ነበረች። ራሄል የቀሐ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሥራዋ ጨርቅ መቁረጥ፣ ሱሷ ወሬ ነው። ስንተዋወቅ አንዲት ምልክት አታውቅም ነበር። ነገር ግን ስፌት ቤት ውስጥ መኪናዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሡ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ይሆናል አሉ። መነጋገር የፈለገ መኪናውን አጥፍቶ፣ ተነሥቶ፣ ጆሮ ሥር ሄዶ ነው። ለራሄል ይህ እስር ቤት ነበር። አንድ ቀን የአለቃችን ሱሪ ከኋላው ተተርትሮ፣ እሱ ሳያውቅ በመካከላችን ሲንጎራደድ፣ ራሄል የምትነግረው ሰው አጥታ ስትቃጠል አየኋት። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። በእጅ እንዴት እንደሚባል አሳየኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ማስቆም የቻለ የለም። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ እንደ ልባችን እናወራ ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች ቀኑብን። በእኔ ቀንቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ደስ አለኝ።

በመካከላችን ውል ነበረን። ሁለት ቃላት ክልክል ናቸው፤ "ምንም" እና "ቆይ"። ሰው ሲስቅ አይቼ "ምን ብሎ ነው?" ስል ዕድሜ ልኬን የተሰጠኝ መልስ "ምንም" ነው። ሰው ሲሯሯጥ፣ ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ "ምን ተፈጠረ?" ስል ደግሞ "ቆይ"። ያ "ቆይ" መጥቶ አያውቅም። ራሄል ግን የሰማችውን ሁሉ፣ የማይረባውን ጭምር፣ እዚያው በዚያው ልትነግረኝ ቃል ገባችልኝ። ታክሲ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ጎመን ቢከራከሩ የጎመኑን ክርክር እስከ ፍጻሜው ነግራኛለች።

ለምን እንዲህ እንደከረርሁ ልንገራችሁ። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው መንገድ ላይ፣ ብቻውን ሆኖ አይረዳም። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌውና ቄሱ፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ መጥቶ ይነግረዋል፤ ሲወድቅ የሚያነሣው፣ ሲጮኽ አብሮት የሚጮኽ እንዲኖር። ደግ ልማድ ነው፤ ክፉ ቃል የለኝም። ግን የተሠራው ለሚሰማ ሰው ነው። እናቴ በጠና ታማ ዘመድ ቤት ተወስዳ ሳለ፣ አንድ ንጋት ቤታችን ሰው ሞላው። ወንድሞቼ መሬት ላይ ወደቁ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄድሁ ነጠላቸውን ጎተትሁ። ራሴን ዳሰሱና "ቆይ" አሉኝ። እናቴ መሞቷን ያወቅሁት ከብዙ ቀን በኋላ፣ ቀሚሷን ሌላ ሴት ለብሳው ሳይ ነው። የዚያን ቀን ብቻዬን አለቀስሁ። የሌላው ሰው ልቅሶ አልቆ ነበር።

አባቴ ይህን ሲረዳ ያዘነውን ማዘን እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ በኋላ ነው ከእኔ ጋር የሚነጋገርበት የራሱን ምልክት መፍጠር የጀመረው። ጺሙን ጨብጦ ወደ ታች ከሳበ "እኔ፣ አባትሽ" ማለቱ ነው።

ስልኩ የተደወለው ከሰዓት በኋላ ነው። ቤተሰቤ የሚደውለው በራሄል ስልክ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ጌጡ ይናገራል፣ ራሄል በእጇ ትነግረኛለች፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሷ በድምፅ ታደርስልኛለች። ሁልጊዜ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነው። ያን ቀን ግን ስልኩን አንሥታ ጥቂት እንደሰማች ጀርባዋን ሰጠችኝ። መቀሱን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች። ትከሻዋ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየሁት።

ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

"አባትሽን አሟቸዋል" አለችኝ። "ትንሽ ነው። ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን።"

"ምን አመመው?"

"አላውቅም።"

"ጌጡ ያን ሁሉ ሲያወራ ሌላ ምን አለ?"

መቀሱን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ "ምንም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኋትም። ቤቴ ሄጄ ልብሴን በቦርሳ አደረግሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለት ነገር ፈርቼ ነበር። አንዱ አባቴ ነው። ሁለተኛው ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ራሄል ናት። አባቴ ሽማግሌ ነው፤ ይሞት ይሆናል፤ ልጅ ይህን እያወቀ ነው የሚያድገው። ራሄልም እንደ ሌላው ሰው ከሆነች ግን በዚህ ዓለም ላይ የቀረኝ ፈገግታ ብቻ ነው።

በማግስቱ በጠዋት ተነሥተን እስከ ደባርቅ ድረስ አንድም ነገር አልተነጋገርንም። እሷ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸፍና በመስኮት ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። ያ ለአፍታ የማያርፍ እጅ ተሸፍኖ ሲቀመጥ አፏን የታሰረች ሰው ነበር የምትመስለው።

ደባርቅ ላይ ሻይ ጠጥተን ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝን። ሊነሣ ሲል ከእኛ መንደር ማዶ ያሉ አሮጊት፣ እማማ ካሰች፣ ገቡ። ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዓይናቸው ሞላ። ወደ እኔ እጃቸውን ዘርግተው ሲመጡ ራሄል ብድግ ብላ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር ተናገረች። አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ከፊት ሄደው ተቀመጡ።

ከዚያ አጠገባቸው ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ። ቀጥሎ ከኋላዋ ያለው ሰውዬ። ቀጥሎ ሾፌሩ በመስታወቱ። ወሬው ከወንበር ወደ ወንበር ሲሄድ በዓይኔ ተከተልሁት፤ አንድ በአንድ ሁሉንም ሰው ሲነካ አየሁ፤ እኔን ብቻ ዘሎ አለፈ። አንድ የማላውቀው ሰው ተነሥቶ የመስኮቱን ቦታ ለቀቀልኝ። አንዲት ሴት ቆሎ በእፍኟ ሞልታ መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። ስለ ምን እንደሆነ ላልተነገረኝ ሐዘን ቆሎ ተሰጠኝ። ከዚያ የበለጠ ብቸኝነት አላውቅም። ባዶ ክፍሌ ውስጥ እንኳ እንዲያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ቧሂት ተራራ ላይ ስንደርስ ጉም ወረደ። ከፊታችን የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ ስለነበር አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰዉም ወረደ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ራሄልን ከሰዉ ለይቼ ወደ መንገዱ ዳር ወሰድኋት።

"አባቴ ሞቷል?"

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"እጅሽን አውጪው።"

አላወጣችውም።

"እማማ ካሰች ያውቃሉ። ቆሎ የሰጠችኝ ሴት ታውቃለች። ሾፌሩ ያውቃል። ልጁ ግን እኔ ነኝ!"

አንድ እጇን አወጣች። "ደብሬ፣ እባክሽ። ቆይ።"

ሁለቱንም ቃላት ጨረሰቻቸው። ጀርባዬን ሰጥቻት፣ የተበላሸውን መኪና አልፌ፣ መንገዱን ይዤ ወደ ላይ መራመድ ጀመርሁ።

የት እንደምሄድ አላውቅም። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ፣ ከእሷም መራቅ ብቻ ነው የፈለግሁት። ጥቂት እንደሄድሁ ዞር ስል አውቶቡሱ የለም። ፊቴን ሳዞር መንገዱም የለም። ሰው ጉም ውስጥ ሲገባ ሌላው ቢቀር ድምፅ ይቀርለታል፤ እኔ የምሰማው በዓይኔ ነው። ዓይኔ ሲሸፈን ዓለም እንዳለ ጠፋ። እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ማየት አቃተኝ። ገደሉ በግራ ይሁን በቀኝ ጠፋኝ። ቆምሁ።

ያኔ እግሬ ሥር መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርዱ ያንቀጠቀጠኝ መሰለኝ። መንቀጥቀጡ እየበረታ ወደ ጉልበቴ ወጣ። መኪና ነው፤ ግን ከየት በኩል? ከላይ ይሁን ከታች መለየት አልቻልሁም። ወደ ግራ ብዬ ገደሉን ፈራሁ፤ ወደ ቀኝ ብዬ መኪናውን ፈራሁ። ድንገት ጉሙ ቢጫ ሆነ።

የሆነ ነገር ነጠላዬን ከኋላ ያዘና ወደ ጎን ወረወረኝ። ውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወደቅሁ፤ ከላዬ ሌላ ሰው ወደቀ። ከላይ የሚወርድ የሌላ ጭነት መኪና ጎማ አጠገባችን ጠጠር እየበተነ አለፈ። ቀና ስል ራሄል ናት። አፏ ተከፍቷል፤ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል። እየጮኸች ነበር። ገና አላቆመችም። ከንፈሯ "ደብሬ! ደብሬ!" ይላል።

"ለማን ነው የምትጮኺው?" አልኋት በጭቃ እጄ።

አፏን ዘጋች። አሰበችው። ከአውቶቡሱ ጀምሮ፣ ጉሙን እየዳበሰች፣ ስሜን እየጠራች ነበር የመጣችው። ለእኔ! ቦዩ ውስጥ እንደተጋደምን ሳቅ ያዘን። ሳቃችን ግን ብዙ አልሄደም። ራሄል ቁጭ አለች፤ እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። አገጯን፣ ጺም የሌለበትን፣ ጨብጣ ወደ ታች ሳበች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ገለበጠችው።

አባቴ ሞቷል።

"ትናንት ጠዋት" አለችኝ። "ቀብረዋቸው ነው የደወሉት። አያ ጌጡ በእመቤታችን አስማለኝ። 'መንገድ ላይ እንዳትነግሪያት፤ ራሷን ገደል ብትወረውርብሽስ? እኛው በወጉ እናረዳታለን' አለኝ። በእመቤቴ ማልሁ። አሁን አፈረስሁት።"

ራሄልን ለማታውቁ፣ መሐላ ለእሷ ቀልድ አይደለም። በወሬ ትቀልዳለች፣ በአለቃ ትቀልዳለች፣ በእመቤታችን ስም ግን አትቀልድም። 

"ለምን አፈረስሽው ታዲያ?"

"መኪናው ቢገጭሽ ኖሮ ሳታውቂ ትሞቺ ነበር" አለችኝ።

ደረቷ ላይ ወደቅሁ። እኔ አለቀስሁ፤ እሷም አለቀሰች። ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ስለነበር ልቅሶዋ በአጥንቷ በኩል ወደ ጉንጬ ይመጣ ነበር። የሰው ልቅሶ በዚያ ዓይነት ተሰምቶኝ አያውቅም። በወጉ ከሆነ ሰው ጉም ውስጥ፣ ቦይ ውስጥ፣ መንገድ ላይ አይረዳም። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ያን ሰዓት ብቻዬን አልነበርሁም።

መንገዱ ሲከፈት፣ ወደ አውቶቡሱ ከመግባታችን በፊት ራሄል ክንዴን ያዘች። "እንዳወቅሽ እንዳታሳዪያቸው። አያ ጌጡ ምን ይለኛል?"

እንግዲህ አስቡት። ሕይወቴን ሙሉ ሰሚዎች ከእኔ ሲደብቁ ኖረዋል፤ አሁን እኔ ከእነሱ ልደብቅ ነው።

ማታ አጎቴ ቤት ነበር ያሳረፉን። ሁሉም ሰው ፈገግ አለልኝ። ጥቁር የለበሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዳላውቅ ብለው ማቃቸውን አውልቀው ነጭ ለብሰው ነበር። ጌጡ የተላጨ ራሱን በባርኔጣ ሸፍኗል። አጎቴ ዕንባው ሲመጣ ጭሱን እያመካኘ ይወጣል። በራሄል በኩል "አባቴ እንዴት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ፤ "ሸጋ ነው፤ ተኝቷል፣ ነገ ታዪዋለሽ" አሉኝ። ተናድጄ ልጮኽባቸው ይገባኝ ነበር። ግን እያየኋቸው ንዴቱ አልመጣ አለኝ። እኒያ ያዘኑ ሰዎች ሐዘናቸውን ውጠው እንጀራውን ያጎርሱኛል። አንድ ሌሊት እንኳ በሰላም እንድተኛ ነው ያ ሁሉ ድካም። ያጎረሱኝን ጎረስሁ። እኔና እነሱ በአንድ ሞሰብ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ሁላችንም አንድ ነገር አውቀን፣ ሁላችንም ለየብቻችን ነበርን።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። ሽማግሌዎቹ፣ ቄሱ፣ ሴቶቹ። ቄሱ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ከዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ራሄል አዞረ። ራሄልም እንደገና ነገረችኝ።

ዕንባ አልመጣም። ጉሙ ውስጥ አልቋል። ለመጮኽ ብሞክርም አፌ ደርቋል።  ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ኧረ ምነው፣ አልገባትም" አለ አጎቴ። በኋላ ራሄል እንደነገረችኝ ነው።

"ልጄ፣ ደግመሽ ንገሪያት እስቲ" አሏት ቄሱ።

ራሄል ደግማ ነገረችኝ። ያኔም ደርቄ ቀረሁ። "ቀስ ብለሽ ንገሪያት" አለች አንዷ ሴት። ራሄል ላብ በላብ ሆነች። ፊቷን እንዳዘነ አድርጋ፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ የምትተረጉም መስላ በእጇ "አልቅሺ! በእናትሽ አልቅሺ፣ ልታስፈጂኝ ነው!" አለችኝ።

ያኔ ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቴ መጥቶ ተንበረከከ። ጌጡ ከእኔ ጋር በእጁ አውርቶ አያውቅም፤ ምልክት የአባቴና የእኔ ነገር ነበር። ጺሙን ጨበጠ። ወደ ታች ሳበው። መዳፉን ዘረጋና ገለበጠው። ያን ሁሉ ዓመት ከጥግ ሆኖ ሲያየን ኖሮ ያውቀው ነበር። ሰውነቴ ከዚያ በኋላ የእኔ አልሆነም። ጩኸቴ ማዶ ድረስ ተሰማ አሉ።

ረፋዱ ላይ የሰልስቱ ልቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ክብ ሠሩ፤ አልቃሿ መካከል ገባች። ስንት ልቅሶ ላይ ቆሜያለሁ! የአልቃሿን አፍ አያለሁ፣ ሰዉ ደረቱን ሲመታ አያለሁ፣ ስለ ሟቹ ምን እንደተባለ ሳላውቅ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን ራሄል ፊት ለፊቴ ቆማ እያንዳንዱን ስንኝ በእጇ ሰጠችኝ። አባቴ፣ አያ ውበቱ፣ ቃሉ ጥቂት፣ ፊቱ የማይፈታ፣ ክንዱ የማይዝል ሰው እንደነበረ ነገረችኝ። ሴቶቹ አልቃሿን ትተው የራሄልን እጅ ያዩ ጀመር።

ድንገት የራሄል እጅ ቆመ።

"ምን አለች?"

ወደ አልቃሿ ተመለከተች። "ንገሪኝ" አልኋት። ነገረችኝ።

"ዳገት ቁልቁለቱን ልጁን ተሸክሞ፣
ጆሮዋ ሳይከፈት አረፈ እሱ ደክሞ።"

በልጅነቴ አባቴ በጀርባው አዝሎኝ ሩቅ አገር ይወስደኝ ነበር። ጎሕ ሲቀድ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥበኛል፤ ከዚያ ተራራው ላይ ተቀምጠን በሶ እንበላለን። አገር ሊያሳየኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጠበል ለጠበል ሲዞር፣ ጆሮዬን ሲፈልግ ነው። በዚያ ዕድሜዬ ገና አወቅሁት፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ኖሯል። አዘንሁለት። ተናደድሁም። አንድ ነገር ግን እኔ የማውቀውን እነሱ አያውቁም።

ወደ ክቡ መካከል ገባሁ። አልቃሿ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ራሄል ከጎኔ ቆመች፤ እጄን ያነሣሁት ያኔ ነው።

"አባቴ ጠበሉን የተወው ደክሞት አይደለም" አልሁ፤ ራሄልም በድምፅ ተከተለችኝ። "የተወው ከእኔ ጋር መነጋገር ስለጀመረ ነው። ቃሉ ጥቂት ነው አላችሁ። ለእናንተ ነው! ከእኔ ጋር ማታ ማታ አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። የሁላችሁንም አካሄድ እያስመሰለ ያሳየኝ ነበር።" ከዚያ አሳየኋቸው። አጎቴ አህያውን ሲጎትት። እማማ ካሰች ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ በጎን ሰው ሲያዩ። ጌጡ ተቆጥቶ ሲወጣ በሩ ላይ ጭንቅላቱ ሲመታ። አባቴ እንዳደረገው አድርጌ አደረግሁት።

አንዲት ሴት ሳቀችና አፏን ያዘች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም አለቀሰ። እማማ ካሰች ራሳቸው ደረታቸውን እየመቱ ሲስቁ አየሁ። ጌጡ ግን አልሳቀም። በኋላ ራሄልን ጠርቶ "ከእኔ ጋር እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም" ብሏታል። የብቸኝነቱ ባለቤት እኔ ብቻ አለመሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በአንድ ቤት አድገን፣ እኔ የተነፈግሁትን ቃል እሱ ሲያገኝ፣ እሱ የተነፈገውን ሳቅ እኔ አግኝቼው ኖሯል።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ቤተሰቤ ምልክት ቋንቋ ተማረ ብዬ አልዋሻችሁም። ጌጡ ግን አሁን በእኔው ስልክ አጭር መልእክት ይጽፍልኛል። "ላሟ ወለደች" ይለኛል። "በረዶ ገብሱን መታው" ይለኛል። የማይረባ ወሬ ሲልክልኝ ከሁሉ የበለጠ ደስ ይለኛል። ክፍሌ ያችው ክፍሌ ናት፤ ማታ ስገባ ዛሬም ጸጥታው ይጠብቀኛል። የሚያሳዝነኝ ቀን አለ፣ የማያሳዝነኝም ቀን አለ። እናንተ ግን አጠገባችሁ እንደ እኔ ያለ ሰው ካለ እባካችሁ በእሱ ፈንታ አትወስኑ። ክፉውን እንዳይሰማ ብላችሁ ስትደብቁት ክፉው አይቀርለትም፤ የሚቀርበት አብሮት የሚያለቅስ ሰው ነው።

ራሄል ጎንደር እንደተመለስን ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄደች። የማለችውን መሐላ፣ ያፈረሰችበትን ምክንያት፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ሰምተው፣ አዝነውም፣ "መሐላ መሐላ ነው ልጄ" ብለው ጾምና ስግደት ሰጧት። ከሥራ በፊት በየጠዋቱ ሰፈሯ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄዳ መስገድ ነበረባት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ ጉልበቷን ግን ታሸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ቀድሜያት ሄድሁ። ስትመጣ አየችኝ። አጠገቧ ቆሜ፣ እሷ ስትወድቅ ወደቅሁ፣ ስትነሣ ተነሣሁ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ጥቂት እንደሰገድን ንስሐ አባቷ በዚያ በኩል ሲያልፉ አዩንና መጡ። ወደ እኔ እያዩ ተናገሩ። ራሄል እያለከለከች ወደ እኔ ዞረች።

"'አንቺስ ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው የምትሰግጂው?' እያሉሽ ነው" አለችኝ።

"የነገረችው ለእኔ ነው በያቸው" አልኋትና ወደ ስግደቴ ተመለስሁ።